የኒካሬቴ ፊት

አቴና ውስጥ በወይን አምላኩ በዲዮኒሶስ በዓል ሰሞን ወንዱ ሁሉ ቲያትር ተቀምጦ ሲነፋረቅ፣ የሚነፋረቀው በኒካሬቴ ፊት ነበር። ይህን ግን ከአባቷ፣ ከባሏና ካሳደገቻት ባሪያ ከአሮጊቷ ትራታ በቀር የሚያውቅ የለም። ቢያውቁስ ምን ሊፈይዱላት? የአገሬን ወንዶች አውቃቸዋለሁ፤ ያለቅሳሉ፣ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ የተረፈ ሽንብራቸውን እየቆረጠሙ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

አባቷ ስሚክሮን ጭምብል ሠሪ ነበር። ቤቱ ከቲያትሩ ብዙ ስለማይርቅ የሕዝቡ ጩኸት ግቢው ድረስ ይሰማል። ስሚክሮን በጭቃ ቅርጽ ላይ ሙጫ የነካው የበፍታ ጨርቅ እየደራረበ ይለጥፋል፤ ሲደርቅ ፈልቅቆ ያወጣል፣ ኖራ ይቀባል፣ ዓይንና ከንፈር ይስላል፣ ጸጉር ይሰፋል። የወንዶቹን ፊት፣ ጠይሙንና ጢማሙን፣ አሳምሮ ይሠራዋል። የሴቶቹ ነጭ ፊት ግን እጁ ላይ አልገባም ነበር። «የስሚክሮን ሴቶች የተበሳጨ ዓሣ ነጋዴ ይመስላሉ» እየተባለ ብዙ ተስቆበታል። እናቷ ሞታባት አውደ ሥራው ጥግ ያደገችው ኒካሬቴ፣ ገና ልጅ እያለች፣ አንድ ቀን ብሩሹን ከእጁ ወስዳ የሴቲቱን ፊት ሳለችው። አባቷ አየው፣ እንደገና አየው፣ ሌላ ጭምብል አቀበላት። ከዚያ ወዲያ የሴቶቹ ፊት የእሷ ሥራ ሆነ።

ማን ይቀመጥላታል ታዲያ? ጨዋ ሴት መልኳን እዩልኝ ብላ አትቀመጥም። ስለዚህ ሳፋ ውሃ ትሞላና ወደ ውስጥ እያየች የራሷን ፊት ትሠራለች። ግራ ቅንድቧ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ልትጠይቅ ያሰበች ያስመስላታል። ጭምብሎቿም ሁሉ እንዲሁ ሆኑ። ንግሥት ትሁን ምርኮኛ፣ መድረክ ላይ የምታለቅስ ሴት ሁሉ ግራ ቅንድቧ ከፍ ያለ ነው። «ስሚክሮን ይህን ብልሃት ከየት አመጣው?» ይባላል። ስሚክሮንም ጢሙን ይዳብሳል።

አስቡት እንግዲህ። የሴቲቱን ንግግር የሚጽፈው ወንድ ነው። ቀሚስ ለብሶ፣ ጭምብል አጥልቆ «ወይኔ፣ ምነው ሴት ሆኜ ተፈጠርኩ!» እያለ የሚጮኸው ወንድ ነው። ቁጭ ብሎ የሚያለቅስላትም ወንድ ነው። ከሴት የተወሰደ ነገር ቢኖር ፊቷ ብቻ ነው፤ እሱንም ከማን ወሰዳችሁት ብሎ የጠየቀ የለም።

ሲድሯት ማንም ፈቃዷን አልጠየቃትም። ዕድሏ ሆኖ ግን የደረሳት ኩራዝ ሠሪው ፋኒያስ ነበር፤ እጁ ከጭቃ፣ አፉ ከቀልድ የማይለይ ሰው። ሙሽራ ሆና በፍርሃት ኩርምት ብላ ብትቀመጥ፣ «አይዞሽ፣ እኔም ፈርቻለሁ፤ ተራ በተራ እንፍራ» ብሏታል። ሳቀች። እያደር ወደደችው፤ ለማንም ባትናገረውም አጥብቃ ወደደችው። ሴት ልጅ ወለደችለት። በራቸው ላይ እንደ ወጉ የበግ ጠጉር ተሰቀለ፤ ጎረቤቱም ጠጉሩን እያየ «ለከርሞ ደግሞ የወይራ ቅጠል ያሰቅላችሁ፣ ወንድ ያድርግላችሁ» አለ። ፋኒያስ ግን ሕፃኗን ታቅፎ ምድጃውን ዞረና ሚካ ብሎ ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ ሌላ አልወለዱም።

መከራው የመጣው በባሕር ነው። የስሚክሮን ብቸኛ ወንድ ልጅ፣ የኒካሬቴ ታላቅ ወንድም ሄጌያስ፣ ከመርከበኞቹ ጋር ዘመተ። መርከቡ ሰጠመ ተባለ። ሬሳ የለ፣ ዐመድ የለ። ስሚክሮን «ልጄ ዋና ይችላል፣ ይመጣል» ብሎ የልጁን በርጩማ ከአውደ ሥራው ሳያነሳ ቀረ፤ ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ሲል ይቆጣል። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ደም የቀላቀለ ሳል ጀመረው።

ነገሩን ያፈረጠችው ትራታ ናት። ፋኒያስ ቤት ከኒካሬቴ ጋር ሱፍ እያባዘቱ ነበር።

«አንቺ፣ አባትሽ ዛሬ ነገ የሚባል ሰው ነው። አስበሽበታል?» አለቻት።

«ምኑን?»

«ምኑን ትላለች እንዴ! ሄጌያስ የለም። ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ቤቱ ለማን ነው?»

«ለሴት ልጁ… ከሴት ልጁ ጋር…» ብላ ኒካሬቴ አቆመች።

«ጨርሺዋ! ከሴት ልጁ ጋር ለቅርብ ዘመድ። ቤቱንም ልጅቱንም ጠቅልሎ የሚወስደው የአባቷ ወንድም ነው።»

«እኔ'ኮ ባል አለኝ ትራታ!»

«ባልሽ ባልሽ የሚሆነው አባትሽ እስካለ ነው። ወንድ ልጅ ወልደሽ ቢሆን የአያቱ ወራሽ እሱ ነበር፣ አንቺንም የሚነካሽ አይኖርም። ሚካን ወለድሽ።» አሮጊቷ ሱፉን ጎልጉላ ጣለችው። «እኔ ባሪያ ነኝ ልጄ፣ ሲሸጡኝ አይቻለሁ። አንቺ ጨዋ ነሽ፤ አንቺ አትሸጪም። ትወረሻለሽ።»

ኒካሬቴ ሕጉን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቀዋል። በሌላዋ ላይ ሲደርስ ምንጭ ዳር ከንፈር መጠውላት ውሃቸውን ቀድተው ሄደዋል። በራሴ ይመጣል ብሎ ግን ማን ያስባል? ተነስታ የተኛችውን ሚካን አየቻት። አንጀቷን የቆረጣት ሽማግሌ ቤት መግባቱ አልነበረም። ልጅ የአባት ናት፤ እሷ ስትወሰድ ሚካ ትቀራለች። እሱ ነው የቆረጣት።

የአባቷ ወንድም ዴክሲዮስ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ይረገማል፣ ንዴትም ይወጣል። ዴክሲዮስ ግን ሚስቱ የሞተችበት፣ ጥርሱ የረገፈ፣ ከአማልክቱ መሥዋዕት የማያጎድል ሽማግሌ ነው። የወንድሙን መታመም ሰምቶ የደረቀ በለስ ይዞ መጣ። ሕመምተኛውን ጠየቀ። ወጥቶ አውደ ሥራውን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ መረመረ። ከዚያ ኒካሬቴን አያትና ዓይኑ እንባ ሞላ።

«አይዞሽ ልጄ» አላት። «የወንድሜን ቤት ባዶ አላስቀረውም። አንቺንም ሜዳ ላይ አልጥልሽም።»

«እኔ ቤት አለኝ አጎቴ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ፋኒያስም መልካም ልጅ ነው። ሌላ ያገባል።» በለሱን ወደ እጇ ገፋ አደረገው። «ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል።»

በለሱን ተቀበለችው። ምን ታድርግ? ሲወጣ ለጎረቤት ፍየል ሰጠችው።

መውጫው አንድ ብቻ ነበር። ስሚክሮን ነፍሱ ሳትወጣ በምስክር ፊት አንዱን ወንድ «ልጄ ነው» ብሎ ከተናዘዘ ቤቱ ወራሽ አገኘ ማለት ነው፤ የዴክሲዮስ መብትም ያበቃል። ፋኒያስ ደግሞ ወንድሞች አሉት፣ እሱ ቢወጣ የአባቱ ቤት አይዘጋም። ልጅም አማችም ሆኖ ሚስቱን ይዞ መኖር ይችላል፤ እንዲህ ያደረጉ በከተማው ሞልተዋል። ኒካሬቴ ይህን ስትነግረው ፋኒያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋው።

«የአባቴን ስም ልተው? የስሚክሮን ልጅ ፋኒያስ ልባል? ሚስቱን ላለማጣት አባቱን ካደ አይሉኝም?»

«ይሉሃል» አለችው።

ሚካ እግሩ ሥር ገና ያልተተኮሰ ኩራዝ ይዛ ለአሻንጉሊቷ ወይን ትቀዳ ነበር። ፋኒያስ ልጅቷን ብዙ አያት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «አባቴ ሌሎች ልጆች አሉት። ሚካ ግን ሌላ እናት የላትም።»

የከበደው ስሚክሮን ነበር። ኒካሬቴ አልጋው ሥር ተንበረከከች፤ በአንድ እጇ ጉልበቱን፣ በሌላው ጢሙን ያዘች። የሚለምን ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ስንት ጊዜ ጭምብሎቿ መድረክ ላይ እንዲህ ተንበርክከዋል።

«አባዬ፣ ፋኒያስን ልጅህ አድርገው።»

«ልጅ አለኝ።»

«አባዬ…»

«ልጅ አለኝ አልኩሽ! በቁሙ ቅበረው ነው የምትይኝ? በበርጩማው ላይ ሌላ ሰው ላስቀምጥ? ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

«ሲመጣ እኔን ይውቀሰኝ። እሷ ናት ያለችኝ በለው።» ጢሙን አልለቀቀችም። «ይህን ሁሉ ዘመን ፊቴን ሰጠሁህ። አንድ ቀን ይህን ስጠኝ ብዬህ አውቃለሁ? ሚካን ነው የምለምንህ። ልጄን አታስቀማኝ አባዬ!»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱም መጣች፣ በሚቀጥለውም። ይሰማታል፣ ይቆጣታል፣ ያስላል። አንድ ጠዋት ስትገባ የሄጌያስ በርጩማ ከቦታው የለም። ቀና ስትል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየችው። ሽማግሌው በዚያ አቅሙ እንዴት ተነስቶ እንደሰቀለው አማልክት ይወቁ።

«ጎረቤቶቹን አስጠሪልኝ» አላት። «ግን ስሚኝ። እነሱ ሲመጡ አንቺ እዚህ የለሽም። እኔንም አልለመንሽኝም።»

«እንዴት አልለመንኩህም?»

«አልለመንሽኝም አልኩሽ! በራሴ አስቤ ያደረግኩት ነው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ለምን አባዬ?»

«ለምን ለምን አትበይኝ! ሴትን ስለ ሕግ ምን አስጨነቃት? ሂጂ፣ ጥሪያቸው።»

ኒካሬቴ የወንድ ኩራት መሰላት። በሴት ልጁ ተሸነፈ እንዳይሉት ነው ብላ በልቧ ፈገግ አለች፣ ግንባሩን ስማ ወጣች። ወይ አንድ ቃል! አንድ ቃል ቢጨምርላት ኖሮ ይህን ሁሉ የማወራበት ምክንያት ባልነበረ። ግን ለሴት ሕግ የሚያስረዳ ማን አለ?

ጎረቤቶቹ መጡ። ስሚክሮን ፋኒያስን ልጄ ነው፣ ወራሼ ነው አለ፤ ሰሙ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ኒካሬቴ ጸጉሯን ቆርጣ ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት፤ ዴክሲዮስም ከሬሳው ራስጌ ቆሞ ከልቡ አለቀሰ፣ ለቀብሩ ዘይትና ወይን አመጣ። ከቀብሩ እንደተመለሰ ወደ ከተማው ሹም ሄዶ ከሰሰ። ወንድሜ ሲናዘዝ በትኩሳት አእምሮውን ስቶ ነበር፣ ኑዛዜው አይጸናም፣ የወንድሜ ልጅና ቤቱ ለእኔ ይገባሉ አለ። ጉዳዩ ከዲዮኒሶስ በዓል በኋላ እንዲታይ ተቀጠረ።

አባቷ ሳይጨርሰው የተወው አንድ የሴት ጭምብል ነበር። ወደብ ላይ ልጇን ከጉያዋ የሚነጥቋት የአንዲት ምርኮኛ ንግሥት ፊት ነው ብለው የቲያትር ሰዎች ያዘዙት። ኒካሬቴ ብቻዋን ተቀመጠችለት። ወደ ሳፋው ስታይ እንባዋ ይንጠባጠባል፣ መልኳ ይበታተንባታል፤ ውሃው እስኪረጋ ትጠብቅና እንደገና ትስላለች። እንደዚያ ሆና የሠራችው ፊት ስንት ጊዜ ብትሞክር የማይደገም ነው። ፋኒያስ ሲያየው «በሄራ ስም! ሸፍኚልኝ፣ ሚካ እንዳታየው» አላት።

በበዓሉ ቀን አባቷ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ከቲያትሩ የሚመጣው ጩኸት ለረጅም ጊዜ ሲሰማ ቆየና በአንዴ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ሲል ያስፈራል። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ግራ ገባት፤ ጭብጨባ አይደለም፣ ሳቅም አይደለም። ፋኒያስ እየሮጠ መጣ።

«አለቀሰ!» አለ ገና ከበሩ።

«ማን?»

«አጎትሽ! ዴክሲዮስ! ጢሙ እስኪርስ! ያ ተዋናይ የንጉሡን ጉልበት ይዞ ‹ልጄን ተውልኝ› ሲል አንድ ሰው አልቀረም። ከኋላዬ የነበረው ቆዳ ፋቂ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አጎትሽማ ‹ኧረ ተውላት!› ብሎ ጮኸ! ሰማሁት በጆሮዬ!»

ኒካሬቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ተከፈተ።

«ዳኞቹስ?» አለች። «በችሎቱ የሚቀመጡት እነማን ናቸው?»

«እነማን ይሆናሉ፣ እነዚሁ ናቸዋ። ቆዳ ፋቂው፣ ሽንኩርት ሻጩ፣ ሥራ የፈታ ሽማግሌ ሁሉ።»

«ለእሷ ካለቀሱ ለእኔም ያለቅሳሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እሱ ኩራዙን ሲያድቦለቡል አጠገቡ ቆማ ትነግረዋለች። «አባቴ አብዶ ነበር ነው የሚሉት። ያላበደ መሆኑን ንገራቸዋ! መጀመሪያ እምቢ እንዳለኝ ንገራቸው። ጉልበቱን ይዤ እንዳለቀስኩ፣ እየተመላለስኩ እንደለመንኩት፣ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ በርጩማውን እንደሰቀለ ንገራቸው። ያበደ ሰው ይህን ያደርጋል?»

«አባትሽ ለማንም አትናገሪ ብሎሽ አልነበር?»

«አፍሮ ነው ፋኒያስ። ሙት ደግሞ አያፍርም። አስለቅሳቸው! እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ስለ ሚካ ስትናገር ደግሞ ቶሎ አትበል።»

ፋኒያስ ችሎት ቆሞ የማያውቅ ኩራዝ ሠሪ ነው፤ ነገር ለሚያሳምሩ ሰዎች የሚከፍለውም የለው። ያለችውን አጠና። ደግሞ ከልቡ ነበር፤ ሲለማመድ እንኳ ያለቅሳል። ስለ እሷ የሚናገረው እሱ፣ ቃሉ ግን የእሷ። እሷ ችሎት መግባት አትችልም።

የፍርዱ ቀን ሚካን አጥባ፣ ጸጉሯን ጎንጉና፣ ተጎንጉኖ ሲያልቅ ፈትታ እንደገና ጎነጎነችው። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ፋኒያስ መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«አለቀሱ?» አለችው።

«አለቀሱ። እንዳልሽኝ ነገርኳቸው፣ አንድ ቃል አላጎደልኩም። አለቀሱ ኒካሬቴ። አንዱማ ካባውን ፊቱ ላይ ጣለ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አጎትሽ ተነሳ። እሱም እንባውን እየጠረገ ነው። ‹ዳኞች ሆይ› አለ፣ ‹እኔ የመጣሁት ወንድሜ ታሞ ነበር ልላችሁ ነው። ይህ ሰው ግን የሚበልጠውን ነገራችሁ። ወንድሜ እምቢ ብሎ ነበር። ሴት ናት እየለመነች ያስናዘዘችው። ሕጉ ይነበብልኝ።› ተነበበ።» ፋኒያስ የሰማውን ቃል በቃል ደገመላት። «በእብደት፣ በእርጅና፣ በመድኃኒት፣ በሕመም ወይም በሴት ቃል ተገፋፍቶ የተናዘዘ ሰው ኑዛዜው ፈራሽ ነው።»

ምን ያለ ሕግ ነው፣ ንገሩኝ እስቲ! ሴትን ከእብደትና ከሕመም ጋር ቆጥሮ ያስቀመጠ! ደግሞ ባልና ሚስቱ ሐሰት አልተናገሩ፣ ሰው አልበደሉ፤ እውነቱን ነው የተናገሩት።

«እንባቸውን እየጠረጉ» አለ ፋኒያስ፣ «እንባቸውን እየጠረጉ የፍርድ ጠጠራቸውን ለአጎትሽ ጣሉ።»

ኒካሬቴ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ‹አልለመንሽኝም› ያላት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት፤ ኩራት አልነበረም። ደረቷን በቡጢ መታችው። «እኔ ነኝ!» አለች። «እኔ ነኝ በገዛ አፌ! አፌን ብይዝ ኖሮ! አፌን ብይዝ!» ፋኒያስ ሊያነሳት ጎንበስ አለ፣ ግን እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሁለቱም እዚያው ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው ቀሩ። ሚካ መጥታ መሃላቸው ገባች፤ ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር።

ዴክሲዮስ ሊወስዳት የመጣው ንጹሕ ካባ ለብሶ ነው። ደጁ ላይ ቆሞ ጎሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ ለእኔም ደስታ እንዳይመስልሽ» አለ። «በስተርጅናዬ አዲስ ሚስት ምን ያደርግልኛል? ግን ሕግ ነው። የወንድሜ ቤት ወራሽ ይፈልጋል።»

«ሚካስ?»

«ሚካ የአባቷ ናት። አባቷ ያሳድጋታል፣ አሮጊቷንም ትቼለታለሁ፤ ምን ጎደለ?»

ኒካሬቴ ተንበረከከች። ጉልበቱን ያዘች፣ በበዓሉ ቀን በእንባ የራሰውን ያንኑ ጢም ያዘች። «አጎቴ፣ በበዓሉ ቀን ‹ተውላት› ብለው የጮኹላት ሴት እኔ ነኝ። ያ ፊት የኔ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ የራሴን ፊት እያየሁ። እዩኝ እስቲ! ለእሷ አልቅሰው ለእኔ እንዴት ይጨክናሉ?»

ዴክሲዮስ ጎንበስ ብሎ አያት። ግራ ቅንድቧን አየ። አፉ ተከፈተ፣ ፊቱ በራ።

«እውነትም!» አለ። «እውነትም አንቺ ነሽ! እሰይ! እኔ እኮ ወንድሜ ከሞተ የሴቶቹን ጭምብል ማን ይሠራል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እንግዲያው ሥራው አይቋረጥም ማለት ነዋ!» እጇን ይዞ በርኅራኄ አነሳት።

ፋኒያስ ሚካን አቅፎ ፊቷን አንገቱ ሥር ደብቆ ነበር፤ እናቷ ስትወጣ እንዳታይ። ኒካሬቴ ልጇን ልስም አላለችም። ከሳመቻት እንደማትሄድ፣ ካልሄደች ደግሞ እየጎተቱ እንደሚወስዷትና ሚካ ያንን እንደምታይ ታውቃለች። መንገዱን ሁሉ ዴክሲዮስ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሄዱ። ወደ ተወለደችበት ቤት ነበር የሚሄዱት።

ከርሞ በዓሉ ሲቃረብ ትእዛዝ መጣ። ዴክሲዮስ አውደ ሥራው በር ላይ ቆሞ፣ «እንደ አምናዋ ያለች ነው የሚፈልጉት ልጄ» አላት። አሁንም ልጄ ነው የሚላት፤ ሆዷ ገፍቶ እያየ እንኳ ልጄ ይላታል። «ያቺን እንባ የምታመጣዋን።» ኒካሬቴ ሳፋውን ሞላች። መልኳ ብዙ ተለውጧል፤ ግራ ቅንድቧ ብቻ እንዳለ ነው። እሱኑ ሳለችው። በርጩማው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነበር፣ ማንም አላወረደውም።

በዓሉ እንዳለፈ ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ስትወርድ ትራታ እንስራዋን ይዛ ስትጠብቃት አገኘቻት። አሮጊቷ ግራ ቀኝ አየችና ተጠጋቻት።

«ፋኒያስ ሚካን ቲያትር ወሰዳት» አለች። «እኔም ከባሪያዎቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ። ትከሻው ላይ አስቀምጧት ነበር። ያ ተዋናይ ያንቺን ፊት አጥልቆ ሲወጣ ተነስታ ልትቆም ምንም አልቀራት። ‹እማዬ!› ብላ ጮኸች። ‹አባዬ፣ እማዬ ያችውልህ! እማዬ!› ሰው ሁሉ ዞረ፣ ሳቀ።»

ኒካሬቴ እንስራዋን ከሚወርደው ውሃ ሥር ይዛ ቆመች።

«ፋኒያስ ምን አለ?»

«ምን ይበል ልጄ። አፏን ያዛት። ‹ዝም በይ፣ ወንድ ነው› አላት።»

ውሃው እንስራውን ሞልቶ እየፈሰሰ እግሯን አራሰው።

«እና ዝም አለች?»

«አዎ» አለች ትራታ። «ዝም አለች።»